ተክሎ የሄደውና ተመልሶ የመጣው

ለጥብቅ ስፍራችን አዲስ ገቢ በጎ ፈቃደኞች የተናገርኩትን ከድምፅ ቀረጻው ላይ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኩት። ድግግሞሹን ትንሽ ቆርጬዋለሁ፣ አነጋገሬን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሺ፣ እንጀምር። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ በህይወቱ አንድም ችግኝ ተክሎ የማያውቅ ሰው አለ? ... ማንም የለም፣ እኔም የጠበቅኩት ነው። አሁን ሌላ ጥያቄ፣ የተከላችሁትን ችግኝ ከዓመት በኋላ ሄዳችሁ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። አንድ፣ ሁለት፣ ... ስድስት። እሺ፣ ስድስት ሰው። አትሳቀቁ፣ እኔም ለብዙ ጊዜ እጃቸውን ከማያወጡት ወገን ነበርኩ፣ ከችግኙ ጋር ፎቶ ተነስቼ ፖስት አድርጌ ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

የተሰጠኝ ርዕስ በጥብቅ ስፍራ ውስጥ የበጎ ፈቃደኛ ሚና የሚል ነው። ያው ሚና ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፣ እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አረም፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጫማና ስለ ደብተር ነው፣ ምክንያቱም ስራው በአብዛኛው እሱ ነው። ተከላ ከዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ነው። የቀረው ቀን ሁሉ ምን ይሰራል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገራችሁ። ያኔ ልክ እንደናንተ አዲስ ሆኜ ጓንት ተሰጠኝና አረም ንቀል ተባልኩ፣ አረሙ የቱ እንደሆነ አንድ ቅጠል አሳዩኝና ሄዱ፣ እኔም ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ያገኘሁትን ሁሉ እየነቀልኩ አንድ ሰፊ ቦታ መላጣ አደረግኩላችሁ፣ በጣም ነበር የኮራሁት። ከዛ አንድ በእድሜ የገፉ የጥበቃ ሰራተኛ መጡና ዝም ብለው ክምሩን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ልጄ፣ ይሄን እኛ ሶስት ዓመት ስንጠብቀው የነበረ ነው" አሉኝ። ለካ ከነቀልኩት ውስጥ በራሳቸው ጊዜ የበቀሉ የአገር በቀል ዛፍ ልጆች ነበሩ፣ ማንም ሳይተክላቸው ከመሬቱ የወጡ። አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ እስካሁን ድረስ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ዶማ የማልሰጠው ለዚህ ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብሎ ከኔ ጋር ይዞራል፣ ቅጠል ይነካል፣ ያሸታል፣ ችግኝ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያያል፣ ምክንያቱም የብዙ ዛፍ ቅጠል በልጅነቱና በትልቅነቱ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ይሰለቻሉ። ይሰልቹ።

ስለ አረም ነቀላ ስናወራ ሁለት እህትማማቾችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጆን ብራድሊ እና አይሊን ብራድሊ ይባላሉ፣ የሲድኒ አውስትራሊያ ሰዎች ናቸው፣ በ1960ዎቹ ቤታቸው አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ ውሻ ይዘው ሲንሸራሸሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰራተኞች መጥተው ወራሪውን ቁጥቋጦ አጭደው ሲሄዱ ቦታው ለጊዜው ንጹህ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን አረሙ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ለምን ቢባል፣ ወራሪ አረም የሚወደው ምንድነው? የተገለጠ አፈርና ፀሐይ ነው። እና በአንድ ቀን አንድ ኮረብታ መላጣ ማድረግ ማለት ለአረሙ አልጋ አንጥፎ መጋበዝ ማለት ነው። እነሱ ተቃራኒውን አደረጉ። በጣም ከተበላሸው ቦታ ሳይሆን ጤነኛ ከሆነው ቦታ ጀመሩ፣ አገር በቀሉ ጠንክሮ ባለበት ዳር ዳሩን ያለውን ጥቂት አረም በእጅ እየነቀሉ፣ አፈሩን በተቻለ መጠን ሳያገላብጡ፣ የወደቀውን ቅጠል መልሰው እያለበሱ፣ ከዛ ጤነኛው ጫካ ራሱ ወደ ተነቀለው ቦታ እስኪገባ ይጠብቃሉ፣ እሱ ሲሞላ ነው የሚቀጥለውን የሚነቅሉት። ፍጥነቱን የሚወስነው ተክሉ ነው እንጂ ሰዉ አይደለም።

ይሄ ለሰሚው ቀላል ይመስላል ግን ለሰው ልጅ ከባድ ነው፣ እመኑኝ። ምክንያቱም ሁላችንም የምንጀምረው በጣም ከሚያስጠላው ቦታ ነው፣ እዛ የከፋው አለ እያለ እዚህ ደህናው ጋ ምን ትሰራለህ ይሉሃል። እኔም በግሩፕ ስንወጣ ሁሌ የምጣላው በዚህ ነው። ስፖንሰር የሚፈልገው በፊትና በኋላ የሚል ፎቶ ነው፣ ደህና ቦታ ላይ የተነቀሉ ሃያ ግንድ አረሞች ፎቶ ላይ አይታዩም።

አሁን ደግሞ አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። በ1879 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ዊልያም ቢል የሚባል የእጽዋት ፕሮፌሰር 20 ጠርሙስ ወስዶ በያንዳንዱ ውስጥ የ21 ዓይነት ተክል 50፣ 50 ዘር ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ አፋቸውን ወደታች አድርጎ ቀበራቸው። ጥያቄው ገበሬ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፣ ይሄን አረም ስንት ዓመት ብነቅለው ነው የሚያልቀው? መጀመሪያ በየ5 ዓመቱ፣ ከዛ በየ10፣ ከዛ በየ20 ዓመቱ አንድ አንድ ጠርሙስ እየወጣ ይዘራል፣ እሱ ሞቶም ተረካቢዎቹ ቀጠሉ። በ2021 በሌሊት ባትሪ ይዘው ሄደው አንዱን አወጡ፣ በሌሊት የሆነበት ምክንያት ዘሩ ብርሃን ካየ እንዳይነቃ ነው፣ ዘሩትና ከ142 ዓመት በኋላ በቀለ። ሁሉም አይደለም፣ አብዛኛዎቹ ሞተዋል፣ ግን አንድ የአረም ዓይነት እንደዛ ቆይቶ ቡቃያ አወጣ። የሚቀጥለው ጠርሙስ በ2040 ነው።

እና አንድ ቅዳሜ ወጥተን አረሙን ጨረስነው ስንል አፈሩ ይስቅብናል። በሌላ በኩል ግን ይሄ ራሱ የምስራች ነው፣ ምክንያቱም አፈር ውስጥ የተኛው የአረም ዘር ብቻ አይደለም፣ የጠፋው አገር በቀልም አንዳንዱ እዛው ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ኒጀር ውስጥ የሆነውን ስሙ። ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ለዓመታት ችግኝ ሲያስተክል ይቆይና ችግኙ እየሞተበት ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ሳለ፣ በ1983 አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ የጎማ አየር ሲቀንስ መሬት ላይ ያለ ትንሽ ቁጥቋጦ ያያል፣ ጠጋ ብሎ ቅጠሉን ሲያየው ቁጥቋጦ አይደለም፣ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ነው፣ ከስሩ እያቆጠቆጠ። ሜዳው በሙሉ በዚህ የተሞላ ነበር። ዛፉ አልጠፋም፣ ከመሬት በታች ነው ያለው፣ በየዓመቱ ሲያቆጠቁጥ ይቆረጣል ይጋጣል ይቃጠላል እንጂ። ከዛ በኋላ ስራው መትከል መሆኑ ቀረና ከጉቶው ጠንካራ ቀንበጥ መርጦ ሌላውን ገርዞ እሱን መጠበቅ ሆነ፣ ገበሬው ራሱ ያዘው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር እንደተሸፈነና 200 ሚሊዮን የሚሆን ዛፍ እንደተመለሰ ይገመታል። ስለዚህ አንድ የተራቆተ ቦታ ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን ልትከል አይደለም። እዚህ ምን አለ? እንዳያድግ የከለከለውስ ምንድነው? ከብት ነው? እሳት ነው? የሰው እግር ነው? ያንን ካወቃችሁ አንዳንዴ አጥር ብቻ ይበቃል፣ ችግኝ አያስፈልግም።

ይሄን ስል መትከል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ነገ ደግሞ እንዲህ አለ እንዳትሉኝ። ጉቶም የሌለው፣ ዘርም የሌለው፣ ወፍም ዘር የማያመጣለት ቦታ አለ። እንደዛ ለሆነው ከኒውዚላንድ አንድ ደሴት ላንሳ፣ ቲሪቲሪ ማታንጊ ትባላለች፣ 220 ሄክታር ናት፣ ለእርሻና ለግጦሽ ተብሎ ጫካዋ ከ90 በመቶ በላይ ተመንጥሮ የቀረው በየሸለቆው ያለ ቁራጭ ብቻ ነበር። ከ1984 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ተራ ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች በጀልባ እየሄዱ ሩብ ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ ተከሉ። ችግኙ እዛው ደሴቷ ላይ በነበረ ችግኝ ጣቢያ ነው የፈላው። በ1993 አይጦቹ ጠፉላት፣ በሌላ ቦታ እየጠፉ ያሉ ወፎች መጥተው ተለቀቁባት፣ ዛሬ ሰው ለማየት ይሄዳል። እኔን የሚገርመኝ ግን የተከሉት ሳይሆን ያልተከሉት ነው። ጉልበቱም ሰዉም እያለ የደሴቷን ትልቅ ክፍል ሆን ብለው ሳር ሆኖ እንዲቀር ተዉት፣ ምክንያቱም ታካሄ የምትባለው መብረር የማትችል ወፍ ሳር ትፈልጋለች። አንድ ሜዳ ባዶ ስለመሰለን ብቻ በዛፍ ከሞላነው የአንድ እንስሳ ቤት ላይ ነው ጫካ የተከልነው። ረግረግ ላይም እንደዛው፣ ስንቱ ረግረግ ነው ዛፍ ተክለንበት ውሃውን ያስመጠጥነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ስሙ፣ ይሄ ያማል። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ስሪላንካ ውስጥ የባህር ዳር ማንግሮቭ ደን ለመመለስ በየቦታው ተተከለ፣ ገንዘብ ነበረ፣ ፍላጎት ነበረ፣ ሰው ነበረ። በኋላ አጥኚዎች 23 ቦታ ዞረው ሲያዩ በ9ኙ ላይ አንድም በህይወት ያለ ተክል አልነበረም፣ ከግማሽ በላይ የጸደቀባቸው 3 ቦታዎች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ ውሃው ለተክሉ በማይመች ከፍታ የሚመጣበት ቦታ ላይ የተተከለ አለ፣ ከብት የረገጠው አለ፣ አልጌ ያነቀው አለ። የጸደቀውን ካልጸደቀው የለየው አንዱ ትልቅ ነገር ደግሞ ከተከላ በኋላ የተደረገለት እንክብካቤ ነው። ተክሎ የሄደው ሁሉ ልቡ ቅን ነበር እኮ! ቅንነት ግን ከብት አያባርርም።

እንግዲህ አተካከልን በአጭሩ ልበል፣ ሜዳ ላይ እየሰራን ስለምታዩት። የሚገርማችሁ ለችግኝ ሞት ትልቁ ምክንያት ከምናያቸው አንዱ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ መትከል ነው፣ አዎ ይደረጋል፣ ከዓመት በኋላ የደረቀውን ነቅለን ስናይ ስሩ በላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ እናገኘዋለን። ላስቲኩን ቅደዱና ይዛችሁት ውጡ፣ እዛው እንዳትጥሉት። የግንዱ አንገት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከተንጠለጠለ ስሩ ይደርቃል። ዙሪያውን በእግራችሁ ጠበቅ አድርጉት፣ አየር ከቀረበት ስሩ አፈር አያገኝም። ቁልቁለት ከሆነ ከታች በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ አፈር ክቡለት፣ ውሃ እንዲይዝለት። ደረቅ ሳር አልብሱት ግን ከግንዱ አራቁት። ዘር ስንለቅም ደግሞ ከቅርብ ነው የምንለቅመው፣ ቦታውን የለመደ ዘር ስለሆነ፣ ደግሞ ከአንድ ዛፍ ብቻ አይደለም፣ ካገኘነውም ከአምስት አንዱን ነው የምንወስደው፣ ሌላው ለወፍና ለመሬቱ ይቀራል።

ወደ አረሙ ልመለስ፣ ስለሱ ካወራሁ ማቆም አልችልም። የወፍ ቆሎን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አበባው ያምራል፣ ቀይም ቢጫም ሮዝም አንድ ላይ ያወጣል፣ መነሻው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው፣ ለውበት ተብሎ በየአጥሩ ተተክሎ ነው በየአህጉሩ የተሰራጨው። ፍሬውን ወፍ ይበላና በየጫካው ይዘራዋል። ሰዉ በገጀራ ይቆርጠዋል፣ እሱ ደግሞ ከጉቶው አምስት ሆኖ ይወጣል። ከስሩ ካልወጣ ስራ አይባልም። ግን እዚህ ጋ አንድ ችግር አለ፣ አዲስ ሰው የማያስበው። ቦታው ለረጅም ጊዜ በወፍ ቆሎ ብቻ ከተሸፈነ ትንንሽ ወፎች ጎጆአቸውን የሰሩት እሱ ውስጥ ነው፣ ሌላ መደበቂያ የላቸውም። ወራሪም ቢሆን ለነሱ ቤት ነው! ስለዚህ በአንድ ቀን ሙልጭ አድርገን አናወጣውም፣ በቁራጭ በቁራጭ ነው፣ የወጣበት ላይ አገር በቀሉ ቁጥቋጦ ወፍ የሚሸሽግ ያህል ሲሆን ነው ቀጣዩን የምንነካው፣ በእንቁላል ወቅት ደግሞ ጭራሽ አንነካውም። ለዚህ ነው ከፊት ለፊት ያለው ጥቅጥቅ ያለ የወፍ ቆሎ ለምን እንዳልተነካ ጎብኚ ሲጠይቀን እኛ የምንስቀው።

እምቦጭ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የውሃ ላይ አረም ነው፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፣ ከተቆረጠ ቁራጩ ራሱን ችሎ ይበቅላል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ይቆያል። በእጅ የሚያወጡ ሰዎች የሚሰሩት ትልቁ ስህተት ከውሃው አውጥተው ዳር ላይ መከመር ነው። ውሃው ሲሞላ ይመልሰዋል፣ አለቀ፣ የአንድ ቀን ጉልበት ባዶ። ከውሃው ርቆ መድረቅ አለበት። ውሃ ውስጥ ስትገቡም ብቻችሁን አትግቡ፣ ዋና የሚችል ሰው ዳር ላይ ይቁም፣ ይሄን በየሳምንቱ እላለሁ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይረሳል።

አሁን ስለ ጽዳት። በቆሻሻ ላይ አንጣላም፣ ፕላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ ሽቦ፣ የተበጠሰ የዓሣ መረብ ይውጣ። ግን አንድ ጊዜ የሆኑ ቡድኖች ለጽዳት መጥተው የወደቀውን ግንድ ሁሉ ሰብስበው፣ የደረቀውን ቅጠል ጠርገው፣ ቆሞ የደረቀውን ዛፍ ጥለው፣ ጫካውን እንደ ግቢ አሳምረው ጠበቁን። ምን ትላቸዋለህ? ደክመዋል፣ ላብ በላብ ናቸው። እኔ አመሰገንኩና ከሄዱ በኋላ ግንዱን መልሰን ተሸከምነው። የሞተ እንጨት ቆሻሻ አይደለም፣ ፊንላንድ ውስጥ በጫካ ከሚኖሩት ዝርያዎች ከአራት ወይ ከአምስት አንዱ ኑሮው በሞተ እንጨት ላይ እንደተመሰረተ ይገመታል፣ ጥንዚዛው፣ እንጉዳዩ፣ በሱ የሚኖረው ሁሉ። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ላይ ግንደ ቆርቁር ቀዳዳ ይሰራል፣ እሱ ትቶ ሲሄድ ሌላው ወፍ ይገባበታል፣ የሌሊት ወፍ ይገባበታል። መንገድ ላይ ሊወድቅ ካልሆነ በቀር ተዉት።

ጫማ! ጫማ ላይ አስር ደቂቃ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር ግን ታኮርፉኛላችሁ። ኒውዚላንድ ውስጥ ካውሪ የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ፣ ሺህ ዓመት የሚያልፍ ዕድሜ ያለው፣ እና አፈር ውስጥ በሚኖር በዓይን በማይታይ በሽታ እየሞተ ነው፣ በሽታውን ከሚያዛምቱት ነገሮች አንዱ በሰው ጫማ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ነው። ብዙ የእግር መንገድ ተዘጋ፣ በቀሩት መግቢያ ላይ ጫማ ማጠቢያ ተደረገ፣ ጫካውን የሚወደው ሰው ራሱ ነው ይዞት የሚገባው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ ስትመጡ ጫማችሁንም ዶማችሁንም ቦርሹ፣ የሶሉን ስንጥቅ ጭምር። ካልሲ ላይ የሚጣበቀውን ዘርም እንዲሁ፣ ንቀሉና ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት፣ መሬት ላይ አትጣሉት።

እሳትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። ሁሉም እሳት ጠላት አይደለም፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ በ1930ዎቹ የሳር ሜዳ ለመመለስ የጀመሩት ሰዎች ሳሩን ተክለው ለብቻው አልበቃ ብሏቸው በኋላ በቁጥጥር ስር ያለ ቃጠሎ ሲሞክሩ ነው ሜዳው የተሻሻለው። ግን ይሄ የባለሙያ ስራ ነው፣ አንዱ የሳር ዓይነት ላይ የጠቀመው ሌላውን ጫካ አመድ ያደርገዋል። በጎ ፈቃደኛ ክብሪት አይዝም፣ በቃ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፣ ደብተር። ብዙዎቻችሁ ጉልበት ይዛችሁ ነው የመጣችሁት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዓይናችሁንም እፈልገዋለሁ። ጀርመን ውስጥ ክሬፌልድ በምትባል ከተማ የነፍሳት አፍቃሪዎች ማህበር አለ፣ ከ1905 ጀምሮ ያለ፣ አባሎቹ በአብዛኛው ደሞዝ የማይከፈላቸው፣ ሌላ ስራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከ1989 እስከ 2016 ድረስ በ63 ጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ድንኳን የመሰለ ወጥመድ እየዘረጉ የሚበሩ ነፍሳትን ሰብስበው በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው እየመዘኑ ጻፉ። ሁሌ አንድ ዓይነት ወጥመድ፣ አንድ ዓይነት አሰራር፣ ለ27 ዓመት። ሲደመር የሚበሩት ነፍሳት ክብደት 76 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በ2017 ሲታተም ዓለም ደነገጠ። እና ልብ በሉ፣ ይሄ የሆነው መንገድ ዳር አይደለም፣ የታጠረና የተጠበቀ ቦታ ውስጥ ነው። ማንም ሳይንቲስት ወደኋላ ተመልሶ የ1989ን ነፍሳት ሊቆጥር አይችልም፣ እነዛ ሰዎች ያኔ ባይጽፉት ኖሮ አናውቀውም ነበር። ከሱ በፊትም በ1900 አሜሪካ ውስጥ ፍራንክ ቻፕማን የሚባል ሰው በገና ቀን ወፍ በመግደል ከመወዳደር ለምን አንቆጥርም ብሎ 27 ሰው ይዞ ጀመረ፣ እስካሁን ይቆጠራል፣ የወፍ ቁጥር ወጣ ወረደ የሚባለው ብዙው መረጃ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እኛ ጋ የምንሰራው ከዚህ ያነሰ ነው። አንድ ካስማ ተተክሏል፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እዛው ካስማ ላይ ስልካችሁን አስደግፋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ በቃ። ከተከልናቸው ውስጥ ምልክት ያሰርንባቸው መቶ ችግኞች አሉ፣ እነሱን ትቆጥራላችሁ፣ የሞተውን ትጽፋላችሁ። የሞተውን መጻፍ ያሳፍራል፣ ይገባኛል፣ አንዴ አንድ ልጅ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ጽፎ ሄጄ ሳየው ግማሹ አልነበረም፣ "ቅር እንዳይላችሁ ብዬ ነው" አለኝ። የሞተው ነው እኮ የሚያስተምረን፣ የትኛው ጥግ ላይ ነው የሞተው፣ ድንጋያማው ጋ ነው ወይስ ከብት የሚገባበት ጋ፣ ያንን ካላወቅን በሚቀጥለው ዓመት እዛው ላይ መቶ ሌላ እንገድላለን።

ከብት ካልኩ አይቀር ስለ ጎረቤቶቻችንም ልናገር። ጥብቅ ስፍራ ውስጥ እንጨት ስትለቅም ወይም ከብት ስታስገባ የምታገኟት ሴት ጠላት አይደለችም። እናንተ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትመጡት፣ እሷ ግን በየቀኑ ነው የምታየው፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደደረቀ፣ የትኛው እንስሳ ከመቼ ወዲህ እንዳልታየ ከናንተም ከኔም ትበልጣለች። ስልክ አውጥታችሁ እንዳትቀርጿት! ሰላም በሉ፣ ስም ጠይቁ፣ ችግር ካለ ለጥበቃው ንገሩ፣ እናንተ ፖሊስ አይደላችሁም። ከኛ በጣም ጎበዝ የሆኑት አንዳንዶቹ በጎ ፈቃደኞች በፊት ጥበቃ የሚያባርራቸው ሰዎች ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ አሁን እዚህ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ጥያቄ ለመቀበል ጊዜ አለኝ።

አንድ ወንድም "ቅዳሜ ስራ አለኝ፣ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ብመጣ ምን ዋጋ አለው?" ብሎ ጠየቀ። ዋጋ አለው፣ ግን እንዴት እንደምትጠቀምበት ልንገርህ። ሁለቱን ቀን ለተከላ አትስጠው፣ ለተከላ ሰው አይጠፋም። አንዱን ቀን የዝናቡ ወቅት ሲያልቅ ና፣ ያኔ ችግኙ በሳር ተውጦ ነው የሚገኘው፣ ፈልጎ የሚያወጣው ሰው ያስፈልገናል። ሁለተኛውን ደግሞ ድርቁ ሲበረታ ና፣ ውሃ የምናመላልስበት ጊዜ ነው፣ ያን ጊዜ ማንም አይመጣም፣ ፎቶውም አያምርም፣ አቧራ ብቻ ነው። ደግሞ ሁሌ አንድ ቦታ ያዝ፣ ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር እንኳን ቢሆን፣ ያንተ ይሁን። የሆነ ነገር ሲጎድል የምታውቀው ቦታውን ስትለምደው ነው።

ሌላ ጥያቄ፣ አንዲት እህት መድኃኒት ረጭቶ አረሙን መጨረስ አይቀልም ወይ አለች። አንዳንድ ቦታ ይደረጋል፣ ትልቅ ግንድ ቆርጦ ወዲያው ጉቶው ላይ በብሩሽ መቀባት አለ፣ በሰለጠነና ፈቃድ ባለው ሰው። ረጭቶ መጨረስ የሚለው ላይ ግን የቢልን ጠርሙስ አስቢ፣ የላዩን ገደልሽ፣ ከስር ያለው ይጠብቅሻል። ውሃ አጠገብ ከሆነ ደግሞ እኔ አልስማማም፣ ባልደረቦቼ ውስጥ የሚስማሙ አሉ፣ በዚህ ተከራክረን አልጨረስንም።

መጨረሻ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት እጃቸውን አወጡ፣ "እኔ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ ዶማም አላነሳም፣ ለምን እንደመጣሁም አላውቅ፣ ወፍ ግን እወዳለሁ" አሉ። እማማ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው። ከበሩ ብዙ ሳይርቅ ጥላ ያለበት አግዳሚ አለ፣ ጠዋት ጠዋት አስር አስር ደቂቃ ይቀመጡልኝ፣ የመጣውን ወፍ ይቁጠሩ፣ ስሙን ባያውቁት መልኩን ይንገሩን፣ የሚጽፍልዎ ልጅ አብሮዎት ይሆናል። አንድም ወፍ ካልመጣ ደግሞ ምንም አልመጣም ብለው ያስጽፉ፣ እሱም ቁጥር ነው። ዘንድሮ የወፍ ቆሎውን ከስር ልናወጣ ያሰብነው ከአግዳሚው ፊት ለፊት ነው፣ ከመንካታችን በፊት እዛ ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚነግረን ሰው የለንም ነበር። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ፣ ሌሎቻችሁም፣ ጫማችሁን አጥባችሁ ኑ።